ጋሽ በከር ያልከፈቱት ሥዕል

ተናኘወርቅ ሃያ ዓመት ሙሉ በታይፕራይተር የሰው አቤቱታ ስትጽፍ ኖራ፣ በኋላ ከልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የኮምፒዩተር ጽሕፈት የከፈተች ሴት ነበረች። አራት ኮምፒዩተሮች ነበሯት፤ ሦስቱ ለጽሑፍ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው አንዱ ለኢንተርኔት። ጠበቃውም ባለጉዳዩም ያከብራታል። «ተናኘ ከጻፈችው ፊደል አይጎድልም» ይባልላታል። ይህን ስትሰማ ያልሰማች ትመስላለች እንጂ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ይውላል።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ዘጠኝ ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ ሳምንታት ቀርተውት፣ ከለስላሳው ቆርኪ እስከ ሳሙናው መጠቅለያ ዕጣ ያልያዘ ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤቱን ልትዘጋ ስትል ያልላከችው ኢሜይል ትዝ አላትና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ መሐሉ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ማስታወቂያ ድንቅር አለ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ አንድ ሚሊዮንኛው ጎብኚ እርስዎ ነዎት ይላል። ከሥሩ ቀይ መኪና ቆሟል።

ዞር ብላ በሩን አየች። ማንም የለም። ስሟንና ስልኳን ሞላች። «እሺ» የሚለውን ተጫነች፤ ደግሞ ጠየቃት፣ ደግማ ተጫነች። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገች በኋላ መኪናውም ማስታወቂያውም ጠፋ። እሑድ ቅዳሴ ቆማ እንኳ ስልኬ ይጮህ ይሆናል እያለች ልቧ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ጋሽ በከር መጡ። የጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስማቸው በሙሽራ ቬሎ የታወቀ። ከረመዳን በፊት የሚዳሩ ልጆች በዝተው ነበርና፣ በኢንተርኔት የቬሎ ፎቶ እያዩ የወደዱትን አንገትና እጅጌ ደብተራቸው ላይ በእርሳስ ይነድፋሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ያን ቀን እማማ ወለተሰንበት የሚባሉ ባለጉዳይ የውርስ ማመልከቻቸው እስኪታተም ከጎናቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት የጠበቃ ረዳቶችም ወረቀት ይጠብቃሉ።

በድንገት እማማ ወለተሰንበት «በስመ አብ!» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ተናኘወርቅ ቀና ስትል የኮምፒዩተሩ ፊት ራቁታቸውን በሆኑ ሴቶች ተሞልቷል። ጋሽ በከር አንዱን ሲዘጉት ሁለት ይከፈታል፤ ሁለቱን ሲዘጉ አራት ይመጣል። ማውዙ ከእጃቸው አመለጠ። ቢጨንቃቸው ደብተሩን አንስተው ሥዕሉን ሸፈኑበት።

«ጋሽ በከር፣ እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይታይም» አለች ተናኘወርቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«እኔ አልከፈትኩትም፣ እህቴ። ራሱ ነው የመጣው።»

«ራሱ አይመጣም። የሚመጣው የሚፈልገው ሰው ጋ ነው። ደግሞ በፍልሰታ ጾም፣ በእናቶች ፊት! ለካ የቬሎ ፎቶ የሚባለው ይኼ ነው?»

አንደኛው ረዳት ሳቁን ዋጠ። ጋሽ በከር ሒሳባቸውን አስቀምጠው ወጡ። ደብተሩን ረስተውት ነበር።

ተናኘወርቅ የኮምፒዩተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። እማማ ወለተሰንበትን ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ቤቷን ያስከበረች መስሏት ነበር። ማታ ላይ ደብተሩን ገለጠችው። አንገት፣ እጅጌ፣ ዘርፍ፣ እንደገና አንገት። በየገጹ ጥግ የሙሽራዋ ስምና የልኬቷ ቁጥር። ፊት የተሣለበት አንድም ገጽ የለም። ደብተሩን ቶሎ ከደነችው።

ረቡዕ ቀን መልሳ ስትሰካው ኮምፒዩተሩ ሰው ሳይነካውም ያንኑ ጉድ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ሙስአብ የሚባለውን ጠጋኝ ጠራች። ሙስአብ ኮምፒዩተር ተምሮ የተመረቀ፣ የጌጃ ሰፈር ጎልማሳ ነው። ጥቂት ጎርጉሮ ሳቀ።

«እትዬ፣ 'አሸንፈዋል' በሚል ማስታወቂያ የገባ ፕሮግራም ነው። ሰው 'እሺ' ሲለው ተሸክሞ የሚመጣው ይኼን ነው። ቀኑም ሰዓቱም ተመዝግቧል፤ ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ማን ነበር ያኔ?»

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «እኔ እንጃ፤ ደንበኛ ይሆናል» አለች። ያልተባለ ቃል ጽፋ የማታውቅ ሴት፣ ሲዋሽ የሰማችው የገዛ ድምፅዋ ነበር።

«እንግዲያው ጋሽ በከር አይደሉማ» አለ ሙስአብ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ። «እሳቸው ቅዳሜ ሱቃቸውን ጥለው አይወጡም። ሰፈር ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ሆኗል። የሰንጋ ተራዋ ወይዘሮ መይሙና የልጃቸውን ቬሎ ወስደው ለሌላ ሰፊ ሰጡ። ልጄን እንዲህ ያለ ሰው በሜትር አይለካትም አሉ አሉ።»

ተናኘወርቅ ምሳዋን አልበላችም። ይቅርታውን በስልክ ብናገረውስ ብላ አሰበች፤ ደብተሩን በሰው ልላከውስ ብላም አሰበች። ሁለቱም መደበቂያ መሆናቸውን እያወቀች አሰበቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ደብተሩን ፌስታል ውስጥ ከትታ ጭቃውን እየዘለለች ጌጃ ሰፈር ወረደች።

ሱቁ ውስጥ ጋሽ በከር ከስፌት መኪናቸው ኋላ ናቸው። ሜትሩን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ግን ባለቤታቸው ዘይቱና ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ወጥ ቤቷን እንጂ ሱቁን የማታውቅ ሴት፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ ልኬት ወሳጅ ሆናለች። ተናኘወርቅ ይህን ስታይ እግሯ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ይግቡ» አሉ ጋሽ በከር።

አልተቀመጠችም። «ጋሽ በከር፣ ያንን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ መኪና ደርሶሻል ቢለኝ አምኜ ተጫንኩት። ሰኞ ለት በእርግጥ አላወቅኩም ነበር። ዛሬ ግን አውቄም ዋሸሁ።»

ጋሽ በከር የስፌት መኪናውን አቆሙ። ዘይቱና ጨርቁን ማጠፍ ቀጠለች።

«አውፍ ብያለሁ» አሉ። «ግን የእኔ ይቅርታ የሚያሳርፈው እርስዎን ነው። ሰው የሰማው ከእርስዎ አፍ ነዋ።»

«ምን ላድርግ?»

የመለሰችው ዘይቱና ናት። «በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት ይመልሱት። እኔ ገበያ ስወጣ ቀና ብዬ ልሂድ።»

በማግሥቱ እማማ ወለተሰንበት ማመልከቻቸውን ሊያስተካክሉ ሲመጡ፣ ረዳቶቹም እዚያው ነበሩ። ተናኘወርቅ ከወንበሯ ተነሥታ ከመኪናው ጀምራ እስከ ውሸቷ ድረስ ተናገረች። ያሳጠረችው ነገር የለም። ያ ረዳት ይህን ጊዜ ሳቁን አልዋጠውም፤ «በነፃ መኪና?» አለ። በነጋታው ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሳይቀር «ባለመኪናዋ» የሚል ስም ወጣላት። እማማ ወለተሰንበት ብቻ አልሳቁም። «እኔም እኮ ለጎረቤት ተናግሬያለሁ፣ ልጄ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ» አሉና ከዘራቸውን ይዘው፣ ወረቀቱን ሳይወስዱ፣ ወደ ጎረቤታቸው ተመለሱ።

ተናኘወርቅ ሰንጋ ተራም ሄደች። ወይዘሮ መይሙና በትሕትና ተቀበሏት፤ አዝነውም ሰሟት። ቬሎው ግን ተቆርጦ ግማሹ ተሰፍቷል፤ ሠርጉም ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። «የሆነው ሆነ» አሉ፣ እስከ በር እየሸኟት። ያ ልብስ በጋሽ በከር እጅ ሳይሰፋ ቀረ።

ጋሽ በከር ብዙ ጊዜ አልመጡም። አዲሱ ዓመት ገባ፣ ረመዳን ተጾመ፣ ኢድም አለፈ። ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደጃፉ ላይ ቆመው «መስመሩ ይሠራል?» አሉ።

«ይሠራል፤ ይግቡ፣ ጋሽ በከር።»

ገቡ። ከመቀመጣቸው በፊት ግን ኮምፒዩተሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ገመዱ እስከፈቀደው ድረስ ፊቱን ወደ በሩ አዞሩት፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ የሚያዩትን እንዲያይ። ከዚያ ወንበሩን ስበው በጎን ተቀመጡና፣ አንገታቸውን እያጣመሙ የቬሎ ፎቶ መፈለግ ጀመሩ።

ተናኘወርቅ «ግድ የለም፣ ይመልሱት» ልትል ፈለገች። ግን ዓይኗን ወደምትጽፈው ጽሑፍ መለሰች፤ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ጽፋው ነበር።