የሮዌና የመጀመሪያ ስህተት እኔ ነኝ

በእኛ ወደብ «አልባን ፔኒ» የምንባል ሁለት ሰዎች አለን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሰው «ቀጣፊው» ይለኛል። ሌላው «ዝምታው» ነው፤ በዓመት ሦስት ቃል ይናገራል፣ ሁለቱ ለውሻው ናቸው። ሆስፒታሉ እኛን ሞክሼዎቹን ጎን ለጎን አስተኛን፤ እኔን በተሰበረ እግሬ፣ እሱን በደም ግፊቱ። እግሬን የሰበረው ዓሣ ነባሪ ነው። ሚስቴ ደረጃ ነው ትላለች፣ ምን ታውቃለች?

ነርሳችን ሮዌና የጎረቤቴ ልጅ ናት። ከወደባችን ነርስ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት የልደት ቀን መጠየቅ አለባት።

«አጎቴ፣ የልደት ቀንህ?» ትለኛለች። እኛ ዘንድ ሽበት ያበቀለ ሁሉ አጎት ነው።

«ኮድ የሚባለው ዓሣ ክንፍ ባወጣበት ክረምት!»

በማግስቱ ደግሞ፣ «ባሕሩ ሳይሞላ በፊት፣ ማክሰኞ ቀን!» እሷም በሳቅ ትፈርሳለች።

ሐሙስ ጠዋት ጭራሽ ሳትጠይቀኝ ክኒኑን ሰጠችኝ፤ ዋጥኩት። ከዚያ ወደ ዝምታው ዞራ የቀረውን ክኒን ከመድኃኒት ማዘዣው ወረቀት ጋር አስተያየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«አጎቴ... የሱን ነው የሰጠሁህ።»

ጣሪያው እንደ ጀልባ መወዛወዝ ጀመረ። ይቺ ቅጥፈት አይደለችም። አልጋዬን ዘርግታ አስተኛችኝ፣ ግፊቴን ለካች፣ ሐኪሙ ጋ ደወለች። «በየሩብ ሰዓቱ ለኪው» አላት።

የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ስታስር «ይቅርታ አጎቴ» ትላለች ደጋግማ። አንጀቴን በላችው።

«ስሚኝ» አልኳት በሹክሹክታ፣ «ከሱ ትሪ ሰርቄ ዋጥኩ እላለሁ። ስርቆት ላይ ማንም ያምነኛል።»

«የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

«ቢያባርሩሽስ?»

«ያባርሩኝ! ሰረቅኩ ካልክ ነገ ሌላዋ ነርስ እንደኔው ትሳሳታለች። ያኔ የሚውጠው ሰው ባይነሳስ?»

ያዘጋጀሁትን ቅጥፈት እንደ ክኒኑ መልሼ ዋጥኩት።  

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ጣሪያው ቦታው ላይ ረጋ። የነርሶቹ ኃላፊ ወይዘሮ ሂስኮክ መጡ፤ እሳቸው ሲያዩት ባሕር እንኳ ይረጋል። ሮዌና ፊታቸው ቆማ ሁሉንም ተናገረች።

«የልደት ቀኑን አልጠየቅኩም። ስላሳቀኝ አይደለም። ከልጅነቴ ስለማውቀው፣ መጠየቅ የማያስፈልገኝ መሰለኝ።»

«የቀለድኩባት እኮ እኔ ነኝ» ብዬ እጄን አነሳሁ።

«አንተ ዝም በል!» አሉኝ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

ቅጹን አብረው ሞሉት። በሁለታችንም አልጋ ራስጌ «ሞክሼ አለው» የሚል ቀይ ካርድ ተሰቀለ። ያንን ካርድ ያሰበችው ሮዌና ናት፣ ሌላ ሰው ቢላችሁ አትመኑ።

«የከሰዓቱን መድኃኒት ሌላ ሰው ይስጥልሽ?» አሏት ሂስኮክ።

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «አይ፣ እኔው እሰጣለሁ።»

ከሰዓት ትሪውን ይዛ ገባች። የመጀመሪያው አልጋ ጋ የልደት ቀን ስትጠይቅ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። አራተኛው አልጋ ላይ፣ ከሌላ ወደብ የመጣ ነጭናጫ ሽማግሌ «ስንቴ ትጠይቂኛለሽ?» ብሎ ቢያንባርቅባት፣ ንቅንቅ ሳትል፣ «እስክትመልስልኝ ድረስ፣ አጎቴ» አለችው። መለሰላት!

«ይቺ የኛ ወደብ ልጅ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

«ጸጥታ!» አሉ ሂስኮክ ከኮሪደሩ።

ደግሜ ጮህኩ።