ጭሱ ውስጥ የጠፋው ዙር

ወንድሜ ቢንኸ የእጅ አሻንጉሊት አጫዋች ነበር። በሁዌይ ከተማ፣ በየቤተ መቅደሱ በዓል፣ አርባ ዓመት ሙሉ አጫውቷል። ሲሞት ለሚስቱ ለእትዬ ዩዌሻ የቀሩላት አንድ ሣጥን አሻንጉሊትና የመጨረሻ ትርኢቶቹ ያሉባቸው አሥራ ሁለት ዲስኮች ነበሩ። የቀረጿቸው ጋሼ ሎንግሻን ናቸው፤ ሠርግና በዓል በመቅረጽ የኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ የሰባ ዓመት ሰው።

እኔ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ስለ ምስል ጥራት ከእኔ ጋር ተከራክሮ በሰላም የሚወጣ ሰው አልነበረም። ሰው ቤት ስገባ ሻይ እስኪቀርብልኝ እንኳ አልታገሥም፤ የቴሌቪዥናቸውን ቀለም አስተካክላለሁ። ስለዚህ ዲስኮቹ እየተንተባተቡ ሲያስቸግሯት እትዬ በቀጥታ ወደ እኔ አመጣቻቸው።

«ጂንፋ፣ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ኮፒ አድርግልኝ። አደራ፣ ምንም እንዳይጎድልበት።»

«እትዬ ደግሞ! ከዋናው የሚለየው ሰው ከተገኘ ሱቄን እዘጋለሁ» አልኳት።

ዋናዎቹ ዲስኮች ብዙ የሚይዙ ዓይነት ናቸው። እኔ ዘንድ የነበረው ባዶ ዲስክ የሚይዘው የእነሱን ግማሽ ነው። ትክክለኛውን ከትልቁ ከተማ ከታይቹንግ ለማስመጣት አንድ ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ። ወይም አንዱን ትርኢት ለሁለት ዲስክ ከፍዬ፣ ምስሉን ሳልነካ እንዳለ መገልበጥ እችል ነበር። ኮምፒውተሩ ግን «አሳንሰህ አስገባው» የምትል ምርጫ ሰጠኝ። ሌላው ጠጋኝ ይህን ሲያደርግ ባይ በሰው ፊት የማዋርደው እኔ፣ ተጫንኳት።

ሲያልቅ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ አየሁ። አሻንጉሊቶቹ ቆመው ያወራሉ፤ የልብሳቸው ጥልፍ ክር በክር ይታያል። ምስል ሲታመቅ ቀድሞ የሚበላሸው የሚሮጠው ነገር፣ ጭሱና የሰይፍ ፍልሚያው እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ወደ ፊት አሳልፎ ማየት ሰለቸኝ። አሮጌዎቹን «ከእንግዲህ ለምንም አይሆኑም» ብዬ በመቀስ ቆራረጥኳቸውና ሙዚቃዋን እያሰማች ለመጣችው የቆሻሻ መኪና ሰጠኋት።

በሙት ዓመቱ ዕለት ዕጣን ተጨሶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሃያ ሰው የሚሆን ቤተ ዘመድ እትዬ ቤት፣ ልጇ በገዛላት ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። የበዓሉን ቀረጻ በየዓመቱ ለጋሼ ሎንግሻን የሚሰጠው የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀ መንበርና ጋሼ ሎንግሻን ራሳቸውም ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «እንዴት ጥርት ይላል!» አለ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ የጄኔራሉ አሻንጉሊት ከጭስ ውስጥ በአየር ላይ እየዞረ ዘሎ የሚወጣበት ቦታ ደረሰ። ጭሱ ግራጫ ሸክላ ሆነ። ጄኔራሉ ተቆራረጠ፤ ፊቱ አራት ማዕዘን፣ ሰይፉ አራት ማዕዘን።

ሃያ ዓመት ከወንድሜ ጋር የሠራው ደቀ መዝሙሩ ቼንግዩ ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። «ስንቴ ነው የዞረው? ሦስት ነው አራት? መምህር ይቺን ዙር አላስተማረኝም። ከዲስኩ እማራለሁ ብዬ ነበርኮ» አለ።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። «ጂንፋ፣ ምን ሆኖ ነው?»

ጆሮዬ ጋለ። አፌ ግን ቀደመኝ። «ምን ላድርግ እትዬ፣ አቀራረጹ ነው። ጋሼ ሎንግሻን፣ ያንን ካሜራዎን ጡረታ ያውጡት እንጂ! በዕድሜ ከእርስዎ ሳይበልጥ አይቀርም።»

ሰው ሳቀ። ጋሼ ሎንግሻን የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው ለእትዬ ጎንበስ አሉና «ይቅር በይኝ ዩዌሻ። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም» አሉ። እኔ እግሬን እግሬን አየሁ።

ከወር በኋላ ገበያ ላይ ስሰማ፣ ኮሚቴው የዘንድሮውን በዓል ቀረጻ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ጋሼ ሎንግሻን ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልናገር ነው የሄድኩት ብል ደስ ባለኝ። «መጀመሪያ የቀረጹበት ካሴት ካለ ይስጡኝና ትንሽ ላሻሽለው» ነበር ያልኩት፤ አሁንም ችግሩን የምፈታው እኔ መስዬ ለመታየት። መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ካሴት አወጡና ካሜራው ውስጥ ከተቱት። በዚያች ትንሽ መስኮት ጭሱ ጭስ ሆኖ ተነሣ። ጄኔራሉ ዞረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ግማሽ። ሰይፉን በአየር ላይ ቀለበ።

«ካሜራዬ ደህና ነበር ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። ካሴቱን ለማየት እንኳ ፈርተው ወር ሙሉ ራሳቸውን ሲጠረጥሩ እንደከረሙ ያኔ ገባኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማሳነሱን፣ መቀሱን፣ የቆሻሻ መኪናዋን።

«ለእኔ ለብቻዬ መናገርህ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ያኔ ሰው ፊት አይደል የተናገርከው?»

«ሌሎቹ ካሴቶችስ?»

«ሁለት ብቻ ነው ያለኝ። በሌሎቹ ላይ ሠርግ ቀረጽኩባቸው። እናንተ ዘንድ ዲስኩ አለ ብዬ ነዋ።»

እሑድ እትዬ ቤት ያንኑ ሰው ሁሉ ጠራሁ። ሊቀ መንበሩም መጡ። ቆሜ ተናገርኩ። ድምፄ ስለተንቀጠቀጠ አንዷ አክስቴ «ታሟል እንዴ?» አለች። ስጨርስ የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ከአሥራ ሁለቱ ስንቱ ተረፈ?» አለች እትዬ።

«ሁለት።»

«ወንድምህ ቢኖር ስቆብህ ያልፍ ነበር» አለች። «እኔ ግን አልችልም።» ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክንወጣም አልተመለሰችም።

ሁለቱን ካሴቶች ጋሼ ሎንግሻን ራሳቸው፣ ምንም ሳያሳንሱ፣ በሦስት ቦታ ገለበጧቸው። እኔ ገመድ አቀበልኩ። ቼንግዩ ዙሩን ተምሮታል። ስለ ሌሎቹ አሥር ትርኢቶች ግን ያዩ ሽማግሌዎችን እየዞረ ይጠይቃል፤ አንዱ እንዲህ ነበር ይለዋል፣ ሌላው አልነበረም ይለዋል።

ኮሚቴው ጋሼ ሎንግሻንን ይቅርታ ጠይቆ እንዲመለሱ ለመናቸው። ዓይኔ ደክሟል ብለው እንቢ አሉ። እውነት ምክንያቱ ዓይናቸው ይሁን ወይም የእኔ ነገር፣ አላውቅም። በየገበያው እንገናኛለን፤ በትሕትና ሰላም ይሉኛል። ለመጠየቅ ግን እስከ ዛሬ ድፍረቱን አላገኘሁም።