የኑላ ሰላምታ

«ዲያ ግዊት» አለች ስመኝ፣ ጥቁሩን የቡና ፍሬ ከጥሩው እየለየች። በጆሮዋ በሰካችው ማዳመጫ ልጇ ቤቴል ቃሉን ትደግምላታለች።

«ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለቻት አጠገቧ የምትለቅመው ሙሉእመቤት።

«አይሪሽ እያጠናሁ ነው። ዝም ብለሽ ልቀሚ።»

ቤቴል አየርላንድ አግብታ ወልዳለች። የባሏ ቤተሰቦች እንግሊዝኛ እያላቸው የአያቶቻቸውን ቋንቋ አንጥልም ያሉ ናቸው፤ ደግ አደረጉ። እዚህ ዲላ ስንቱ የጌዴኦ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የእናቱን ቋንቋ እንደ ጭቃ ጫማ ደጅ አውልቆ ይገባ የለ! የቤቴል ልጅ ኑላ ግን ቤቷም ትምህርት ቤቷም አይሪሽ ነው፤ አማርኛ የሚባል አታውቅም። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረችው ስመኝ በዚህ ዕድሜዋ፣ ወገቧ እየተቆረጠ፣ ቤቴል በቴሌግራም የምትልክላትን ድምፅ እየሰማች ትማራለች። ዝናብን፣ ላምን፣ ዳቦን ይዛለች። የቸገራት ሰላምታው ነው።

አንዱ «ዲያ ግዊት»፣ ማለትም «እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን» ሲል፣ ሌላው «ዲያስ ምዊራ ግዊት»፣ «እግዚአብሔርና ማርያም ካንቺ ጋር ይሁኑ» ብሎ አብልጦ ይመልሳል። ስመኝ ደግሞ ጴንጤ ናት። የአጥቢያዋ የሴቶች ጸሎት መሪ ናት፤ ባሏ ሽብሩም ሽማግሌ። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ሲደዋወሉ ማርያምን ዘልላ መለሰች። ኑላ ቀሪውን ጠበቀች፣ ጠበቀችና ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ ሄደች።

«አያቴ ሰላምታዬን አልመለሰችልኝም ብላ አኩርፋለች፣ እማዬ» አለች ቤቴል። «ሁለተኛ አላናግራትም እያለች ነው።»

ሙሉእመቤት ይህን ስትሰማ ሳቋ ከአቧራው ጋር አሳላት። «እመቤታችን በአየርላንድ በኩል ዞራ መጣችልሽ!»

«አንቺ ስምሽን ይዘሽ ተቀመጪ።»

«ጓሮ ወጥተሽ በሹክሹክታ በያት። ሽብሩ ምን ያውቃል?»

«ሌባ ነኝ እንዴ?»

የሙሉእመቤት አፍ ምስጢር አይቋጥርም። እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ ሽብሩ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ያንን ስም ልትጠሪ ነው አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ይስማ።»

«ከመሪነቱ ያወርዱሻል፣ ሴትዮ! ስንት ዓመት የደከምሽበት ነው።»

«እሱንማ መች አጣሁት» አለች፤ ጉልበቷን እያሸች። ሌሊቱን በዚሁ ሐሳብ ስትገላበጥ ነው ያደረችው።

«ልጅቱ ለምን አማርኛ አትማርም?»

«እስክትማር አንተም እኔም እንሞታለን። እስከዚያ በጥቅሻ ላዋራት?»

ሽብሩ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ስልኩ ጮኸ። ኑላ አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን ጥላ ታየች። እናቷ ከኋላ ስትጎነትላት በግድ ተነፈሰች፤

«ዲያ ግዊት።»

ሽብሩ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ደጅ ላይ ጎረቤቶች ቆመው ያወራሉ። «ቢያንስ ልዝጋው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተወው፣ ክፍት ይሁን» አለችው።

ወደ ስልኩ ዞረችና ሴቶቹን በጸሎት በምትመራበት ድምፅ፣ ምንም ሳትቀንስ፣ «ዲያስ ምዊራ ግዊት፣ ኑላዬ» አለች።