ጎርፉን ተከትለው

ሾፌሩና አናጢው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አባታቸው የተዉላቸውን ተዳፋት መሬት ተካፍለው፣ ጡረታ የወጣው ታላቅየው ሾፌር የላዩን፣ ታናሽየው የታቹን ያርሳሉ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፉ የአናጢውን ማሳ እየቦረቦረ አፈሩን ጠራርጎ ይወስድበታል። ወንድሙ ሆን ብሎ ውሃውን እንደሚለቅበት አምኗል። ተኮራርፈው፣ በአጥር ማዶ ለማዶ እየተያዩ ሰላም እንኳ ከተባባሉ ቆይተዋል።

ለአነስተኛ ገበሬዎች የአፈር ጥበቃ ዕቅድ የምታወጣ ባለሙያ እንዳለች ሰምታ የደወለችው የአናጢው ሚስት ናት። ባለሙያዋ አካፋ በትከሻዋ፣ ካርታ በብብቷ ይዛ መጣች። ማሳውን ዞራ አየችና አንድ ጓል ከመሃሉ፣ አንድ ደግሞ ሣር ከበቀለበት ከአጥሩ ሥር አንስታ ወደ አናጢው መሥሪያ ክፍል ገባች። ውሃ የተሞሉ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ከተተቻቸው። የማሳው ጓል ወዲያው ፈርሶ ውሃውን አደፈረሰው፤ ከአጥሩ ሥር የተነሳው ግን ንቅንቅ ሳይል ቁጭ አለ።

አናጢው መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። “አፈሩ እኮ አንድ ነው።”

“አንድ ነው። ይሄኛውን የሣሩ ሥር ይዞታል። ያኛው ሲታረስ፣ ራቁቱን ሲከርም የሚይዘው አጣ። ግን ይድናል” አለች ባለሙያዋ፤ ዓይኗ ያበራል። “መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ልወቅ። የላዩ መሬት የማን ነው?”

አናጢው ፊቱን አዞረ። “የወንድሙ ነው፤ እኔ እጠራዋለሁ” አለች ሚስቱ፣ መልስም ሳትጠብቅ ወጣች።

ሾፌሩ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። “ተጠርቼ ነው” አለ፣ ማንንም ሳያይ። አረፍ ይበሉ ሳይባል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ባለሙያዋ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

“ይሄንን ነበር የምፈልገው። ቦት ጫማ ያላችሁ አድርጉ፣ የሌላችሁም ኑ።”

እሷ ከፊት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከኋላ፣ ጎርፉን ተከትለው ሽቅብ ሮጡ። አናጢው የወንድሙን ተንኮል በዓይኑ ሊያይ ነው። አጥሩን ተሻግረው ወደ ላይ ሲወጡ ግን የሾፌሩም ማሳ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከጫፉ ላይ፣ በማሳው አናት ከሚያልፈው መንገድ ሥር ከተቀበረው ቱቦ፣ ቀይ ውሃ እየተንዶለዶለ ይወርዳል።

“ጋሼ፣ ያንተንም እንዲህ ያደርገዋል?”

“ታዲያ ምን መስሎህ ነበር? ድንጋይ ብቻ ነው የቀረኝ።”

“ለምን አትነግረኝም?”

“መቼ አናግረኸኝ ታውቃለህ?”

አናጢው ሊመልስ ሲል አንሸራተተው። ወንድሙ ቀበቶውን ጨበጠ፤ ተያይዘው ጭቃው ላይ ተዘረሩ። መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ሳቁ ተጋባና ባለሙያዋም አካፋዋን ተደግፋ ሳቀች።

እንደበሰበሱ ካርታውን በአናጢው ጠረጴዛ ላይ፣ በፍቅፋቂው መሃል ዘረጉት። ውሃው በሁለቱም ማሳ መሃል ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የለበሰ መውረጃ ይሠራለታል፤ አጥሩም እዚያ ጋ ይከፈታል። እርሻው ተዳፋቱን አግድም ይታረሳል። ከአጨዳ በኋላ ገለባው መሬቱ ላይ ይቀራል፣ አተርም ይዘራበታል።

“ገለባ በትኜ ስተው ሰነፍ ይሉኛል” አለ ሾፌሩ።

“ይበሉዎት።”

ሾፌሩ ትንሽ አሰበና ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ። “ይቺ ኩርባ ግን ትጠብባለች። ውሃም እንደ አውቶቡስ ነው፤ በፍጥነት ከመጣ አይታጠፍልሽም።”

“እውነትዎን ነው” ብላ መስመሩን አጥፍታ ሰፋ አድርጋ ሳለችው።

መውረጃውን ሁለቱ አብረው ቆፈሩ፣ ሣሩንም አብረው ተከሉ። በቀጣዩ ክረምት ውሃው ሣሩ መሃል ተንጣልሎ በዝግታ ወረደ። አተሩ አብቦ ሳለ አናጢው አፈሩን በእጁ ቢቆፍር ጥቁርና ፍርፍር ያለ፣ የምድር ትል የሚርመሰመስበት ሆኖ አገኘው። በሁለት እጁ አፍሶ እየሮጠ ወደ ላይ ወጣ።

“ጋሼ፣ ና እይ፣ ትል አፍርቷል።”

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየ። “እኔ ጋ ይበልጣል” አለና ክንዱን ይዞ ወደ ማሳው ጎተተው።