የሚዜው ቦይለር

አልጣሽ ያን ቦይለር ገና ሳይበራ ነው የጠላችው። ማሽኑ ራሱ ምንም አላጠፋም። ደሟን ያፈላው አገባቡ ነው።

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለው ቤታቸው አሮጌ የጡብ ቤት ነው። የሚሞቀው በግድግዳው ሥር በሚዞር የሙቅ ውሃ ቱቦ ሲሆን፣ ውሃውን የሚያሞቀው የጋዝ ቦይለር በፈረንጆቹ 2006 ዓ.ም. ብርዱ ገና ሲጀምር ዝም አለ። ባሏ ባሕሩ የሚሠራው ዴንቨር መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ባልደረባው ስለ እንጨት ፔሌት አውርቶለት ልቡ ሸፈተ። ፔሌት ማለት ሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራ፣ የዶሮ መኖ የሚመስል ማገዶ ነው፤ ከማሽኑ ጎን ባለው በርሜል ውስጥ ከሞሉት ማሽኑ ራሱ እየጎረሰ ያነደዋል።

ቦይለሩን ሊመርጡ ሌክውድ ድረስ ሄዱ። ሻጩ ረጋ ያለ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ለቤታችሁ ትንሹ ይበቃል ቢላቸው ባሕሩ «እንግዳ ቢመጣስ?» ብሎ ትልቁን መረጠ፤ ቦይለር የሚመረጠው በተጋባዥ ብዛት ይመስል። ሽማግሌው አልተከራከረም፤ ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቀ። ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ይውጣ፣ ዝቅ ካለ በረዶ ይደፍነዋል አለ። ከዚያ ትንሽ ነጭ ማንቂያ አውጥቶ፣ ከጭስ ጋር የሚወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ እሱን የምታውቀው ይህቺ ናትና ሰው በሚተኛበት ስቀሏት አለ። ባሕሩ «የስ፣ የስ» እያለ ራሱን ነቀነቀ። አልጣሽ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች።

ሻጩ የራሱን ሠራተኞች ሊልክ ነበር። ባሕሩ ግን ምናሉ እያለ ሌላ ሰው ቤቴን አይነካም አለ። ምናሉ የሠርጋቸው አንደኛ ሚዜ ነው። ሥራው የሬስቶራንት ፍሪጅ መጠገን ሲሆን፣ ቦይለር ማለት ተገልብጦ የተሠራ ፍሪጅ ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃውን ይዞ መጥቶ ቦይለሩን ቤዝመንቱ፣ ማለት ምድር ቤቱ ውስጥ ተከለው። ጣሪያው ከተበሳ ያፈሳል ብሎ ጭስ ማውጫውን በኋላው ግድግዳ አወጣው፤ ከመሬት ጉልበት በማይደርስ ከፍታ፣ ከቤዝመንቱ መስኮት አናት ላይ። ቤዝመንቱ ውስጥ ደግሞ የሚተኙት በቅርቡ ከደብረ ብርሃን የመጡት የአልጣሽ እናት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ናቸው። ማንቂያዋን አልጣሽ ራሷ ከአልጋቸው በላይ ሰቀለችላቸው።

አልጣሽ ባሏን ኪችን ውስጥ ያዘችው።

«ሰውዬው ከጣሪያ በላይ አላለም?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ እንጂ። እንዲሰማ አይደል የምናገረው?»

«ቅዳሜውን ሰውቶ በነጻ እየሠራልን፣ ምን ብዬ ነው ልክ አይደለም የምለው? ይቀየመኛል።»

«እሺ፣ የከተማው ኢንስፔክተር መጥቶ ይየው።»

«ሚዜዬ በሠራው ላይ ኢንስፔክተር ልጥራበት? አላመንኩህም ማለት እኮ ነው፣ አልጣሽ።»

እሷም ንዴቷን ዋጠችው። ምሳ ቀርቦ ምናሉ ሲበላ ወጥ ጨመረችለት፤ ወጡን በአናቱ ብትደፋበት ደስታዋ ነበር። ባሕሩ ሦስት ጊዜ «እጅህ ይባረክ» አለው።

ከዚያ ገና ሲደርስ በረዶው ወረደ። መኪና ዋጠ፣ መንገድ ዘጋ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ምግብ አስጠላቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ግድግዳውን መያዝ አመጡ።

«ከፍታው ነው» አለ ባሕሩ። «ዴንቨር እኮ ማይል ሃይ ሲቲ ናት፣ ከባሕር ጠለል አንድ ማይል ከፍ ያለች። እስኪለምዱት ነው፣ እማማ።»

ምናሉም በስልክ ተጠይቆ ከፍታው ነው አለ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም «አዎ፣ አገሩ ከፍ ያለ ነው» ብለው ተስማሙ። አልጣሽ እንኳ አመነች።

በዚያው ሳምንት እሑድ ባሕሩ ሥራ ገብቷል። አልጣሽ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ የስድስት ዓመቷ ልጅዋ ሊዲ ከቤዝመንቱ እየተጎተተች ወጣች። ከአያቷ ጋር ተኝታ ነበር።

«ማሚ፣ ማይ ሄድ ኸርትስ። ላይክ እማማ።»

ልጅቷን እንደ አያቷ ራሷን እንዳመማት ስትሰማ አልጣሽ ኮቷን ሳታወልቅ ቀረች። ይህቺ ልጅ የተወለደችው እዚሁ አውሮራ ነው፤ እሷን የምን ከፍታ ያማታል? እናቷስ ብትሆን? ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያረጀ ሰው ዴንቨር ሲመጣ ወረደ እንጂ መቼ ወጣ? ይህን ሁሉ ቀን አንዳቸውም ይህን አለማሰባቸው አንገበገባት።

ሊዲን በር ላይ ትታ ወደ ታች ሮጠች። ማንቂያዋ የተሰቀለችበት ሚስማር ባዶውን ቆሟል።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረችው የት ሄደች?»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አልጋቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ሰበሩ። ከደረጃው ራስ ላይ ሊዲ መለሰችላቸው።

«ኢት ወዝ ክራዪንግ። እማማ ፑት ኢት ቱ ስሊፕ። ኢን ዘ ድሮወር።»

ማንቂያዋ ስታለቅስ አያቷ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተዋታል ማለቷ ነው። አልጣሽ መሳቢያውን ሳበችው። ማንቂያዋ በነጠላ ተጠቅልላ፣ በነጠላው ላይ ሹራብ ተደርቦባት፣ በታፈነ ድምፅ ትጮሃለች።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ እናቷ። «ልጁ ስንት ለፍቶ ያስገባውን ዕቃ፣ በሰው ቤት ተቀምጬ ጮኸብኝ ልበል? አማቼን ላሳጣው?»

 አልጣሽ ቦይለሩን አጠፋች፣ እናቷን በብብታቸው ይዛ አወጣች፣ ሊዲን አቅፋ በጓሮው በር በረዶው ላይ ወጥታ ለአደጋ ጥሪው 911 ደወለች። ቆማ ስትጠብቅ ግድግዳውን አየችው። የምናሉ ጭስ ማውጫ አፉ ድረስ በረዶ ተከምሮበታል። ያን ጊዜ ንዴቱ እንባ ሆኖ መጣ፤ ጫማዋ ውስጥ በረዶ ገብቶ እግሯ ሲደነዝዝ አልታወቃትም።

ሆስፒታል ውስጥ አያትና ልጅ ጎን ለጎን ተኝተው ኦክስጅን ተደረገላቸው። በሰዓቱ ደርሳችኋል፣ ትንሽ ብትቆዩ ግን አንመልሳቸውም ነበር አላት ሐኪሙ። ነርሷ ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ምን ይሰማዎታል ብላ ስትጠይቅ፣ እሳቸው «ደህና ነኝ በያት» አሉ።

«አልልም» አለች አልጣሽ። «ይበቃል፣ እማዬ። ባሕሩን የምናሉ ይሉኝታ ያዘው፣ አንቺን የባሕሩ ይሉኝታ ያዘሽ። በእናንተ ይሉኝታ ልጄን ልቀብራት ነበር። እያት እስቲ።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዞረው አዩ። ማስኩ የሊዲን ፊት ግማሹን ሸፍኖታል። ብዙ አዩዋት።

ባሕሩ የሆቴል ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ደረሰ። የልጁን እግር ያዘ፣ የአማቱን እጅ ሳመ፣ ይቅርታ ይቅርታ እያለ አለቀሰ። አልጣሽ ልቧ አልራራም።

«ለምናሉ ደውል።»

«እደውላለሁ። ግን ዛሬ ሰንበት ነው፣ ድንገት ቢሰማ ልቡ ይሰበራል። ነገ ተረጋግቼ...»

«አሁን ደውል። እዚሁ፣ እየሰማሁህ።»

ደወለ። ስልኩ ተነሳ።

«ሃሎ ምናሉ። እንዴት ነህ ወንድሜ? እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? ሥራ እንዴት ነው? በረዶው አላስቸገራችሁም? ቤተሰብ ደህና ነው? አይ፣ እኛም ደህና ነን። እንዲያው ትንሽ ነገር ላማክርህ ብዬ ነበር...»

አልጣሽ ስልኩን ልትነጥቀው ተነሳች። ከአልጋው ላይ ግን እናቷ ቀደሟት፤ ማስኩን ከአፋቸው ገለል አደረጉ።

«ባሕሩ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ «ሰላምታው ይብቃህ። ልጅቷን ልትገድላት ነበር በለው።»