የጄኔራሏ ቁስል

በሳንታ ኡርሱላ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የእንጨት ምስል ሆና የቆመችው እመቤታችን ጄኔራል ናት። ማዕረጉን የሰጧት የነጻነቱ ጦር አዝማቾች ሲሆኑ፣ ጡረታ ላውጣት ብሎ የደፈረ መንግሥት እስካሁን አልተገኘም። ለካፒቴን ኡሪዮስቴ የታለመውን የስፔን ጥይት በእንጨት ደረቷ ተቀብላ አገር አቆመች ይባላል። በየዓመቱ የድሉ ቀን ሰልፉ ሳይነሳ፣ ከካፒቴኑ ዘር በዕድሜ የገፋው ሰው በካባዋ ስንጥቅ ጣቱን አሾልኮ ጥይቱ የበሳው ቀዳዳ ውስጥ ይከትና ስለ አገር ይምላል። ከዚያ በቀር ደረቷን ማየት የሚፈቀድላት ልብስ የምታለብሳት ሴት ብቻ ናት፤ ቄሱ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ያቺ ሴት ዶኛ ኤርሚንያ ነበረች። ጣጣዋም የመጣው ከዚሁ ክብር ነው።

በጾሙ ወራት ካባዋን ስትቀይርላት፣ ምስጥ የጨረሰው ደረት እጇ ላይ እንደ ዱቄት ፈረሰ። ቀዳዳውም አብሮ ሄደ። ለማን ይነገራል? ስንት ጦርነት ያለፈች ጄኔራል በእሷ እጅ ፈረሰች ሊባል ነው። የሟች ባሏን መጋዝና መሰርሰሪያ አወጣች፤ ከዝግባ ሳንቃ አዲስ ደረት ሠራችላት፤ የቀዳዳውን ስፋት በራሷ ጣት ለክታ በሳችው። አሮጌውን መጣል ነውር ሆነባት፣ መቅበር ደግሞ ሰው ያያል። ዳቦ መጋገሪያዋ ውስጥ ከተተችው።

የድሉ ቀን ዶን ፕላሲዶ ኡሪዮስቴ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ጣታቸው አንጓው ላይ ሲደርስ አልገባም አለ። ኤርሚንያ ከምስሉ ጀርባ ቆማ መሬት ተከፍታ እንድትውጣት ለመነች።

«ጠቧል» አሉ ሽማግሌው፣ ጣታቸውን እያወጡ። «ቁስሏ እየሻረ ነው።»

ደወሉ ተደወለ፣ የበቆሎ ጠላው ቺቻ ተቀዳ። ከንቲባው ቁስሉ የጠበበው በእሳቸው የሥልጣን ዘመን መሆኑ እንዲመዘገብላቸው አሳሰቡ።

በሳምንቱ የዶን ፕላሲዶ ልጅ ኒኮላሳ ወደ ኤርሚንያ ቤት መጣች። የአባቷ እግር በስኳር በሽታ ቆስሎ ነበር፤ ሱክሬ ከተማ ያሉት ሐኪሞች የበሰበሰው ጣት ቶሎ ካልተቆረጠ ሕይወታቸው ያሰጋል ብለዋል። እሳቸው ግን ጄኔራሏ የጥይት ቁስል ስታሽር የእኔ ጣት ምን ያቅታታል ብለው መድኃኒቱንም ትተዋል። አንቺ ለጄኔራሏ ቅርብ ነሽና አባቴን ንገሪልኝ አለቻት።

ኤርሚንያ በማግስቱ ሄደች። ሽማግሌው በረንዳ ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። የቁስሉ ሽታ ገና ከደጅ ተቀበላት። ስትሸመድደው ያደረችው ንግግር ጠፋባት።

«አልሻረችም፣ ዶን ፕላሲዶ። ደረቷ በስብሶ ነበር። የበሰበሰውን አንስቼ አዲስ ያስገባሁላት እኔ ነኝ። ቀዳዳውንም የበሳሁት እኔ ነኝ። ባይነሳላት ኖሮ ይኼኔ ተንዳ ነበር።»

«ኒኮላሳ ናት የላከችሽ።»

«ልካኛለች። ይሄን በይ ግን አላለችኝም።»

ዶን ፕላሲዶ እግራቸውን ሲያዩ ቆዩ። «አሮጌው የት አለ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። «አነደድኩት። ዳቦ ጋገርኩበት።»

«ለፋሲካ የላክሽልኝን?»

አንገቷን ደፋች።

«ጥሩ ዳቦ ነበር» አሉ፣ ሳይስቁ። ከዚያ ኒኮላሳን ጠርተው ለጠዋቱ አውቶቡስ ልብሳቸውን እንድታዘጋጅ አዘዙ። ኤርሚንያ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ለማንም አልናገርም። ይቅር ግን አላልኩሽም። ሕዝቡ ያችን ቀዳዳ ይፈልጋታል፣ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ጣቴን አልከትባትም። ለከርሞ እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ አንቺን እወክላለሁ። ሕዝቡ ፊት አንቺ ትምያለሽ።»

በዓመቱ ዶን ፕላሲዶ ከፊት ወንበር ላይ፣ አንድ ጣት የጎደለው እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም። ኤርሚንያ በካባው ስንጥቅ እጇን ሰደደች። ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ።

ቀዳዳው ለጣቷ ልክ ነበር።