ክፍት የቀረው ቧንቧ

«ቧንቧውን ዘግተሽ ነው የመጣሽው?» ብላ በጎልማሶች ክፍል አብራት ፊደል የምትማረው ሴትዮ እናትየዋን ጠየቀቻት። ደርቆ የሰነበተው የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ድንገት ማንኮራፋት ጀምሯል፤ ውሃ መጣ ማለት ነው። ጠዋት የቤቷን ቧንቧ ከፍታ፣ ጠብታ ስታጣ ጀሪካን ደቅናበት ነበር። መዝጋቷን ግን አታስታውስም። ከሥሯ ባለው ቤት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ የሰው ጨርቅ ወለል ላይ ዘርግታ ትቆርጣለች።

«ጉዴ ፈላ!» ብላ ደብተሯን ሳትሰበስብ በረረች።

ቤቷ ስትደርስ ወለሉ ተወልውሏል። ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ጠቅልላ ከኩሽና ብቅ አለች፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንዲገቡበት ቁልፉ የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነው።

«ውሃሽ ጣሪያዬን ሲያንኳኳ ጊዜ ሳልጠራ መጣሁ» አለች እየሳቀች። «ጀሪካኖቹን ሞላሁልሽ፣ ባልዲውንም፤ ዕቃ ሲያልቅብኝ የልጆቹ ኩባያ እንኳ አልቀረኝ።»

«ጨርቆችሽስ፣ እህቴ?»

«አንድ ሽርጥ ረጠበ። እሱም የራሴ ነው፤ መታጠቢያው ደርሶ ነበር።»

«ክፉ አይንካሽ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ወዲያው ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ደረቀ። ውሃው ሄደ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ልጆቹ እስኪመጡ ቆየች።